በባልቻ ጓሮ የተገኘችው ሄስተር

ድንጋዩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። እርግጥ ያነሳው ማሽኑ ነው፤ ማሽኑን የምነዳው ግን እኔ ነበርኩ። ስሜ ሽፈራው ነው፤ ቶሮንቶ ውስጥ በትንሽ ኤክስካቬተር የሰው ጓሮ እየቆፈርኩ ነው የምኖረው። ባልቻ ደበላ ደግሞ ግንበኛ ነው። አብረን ብዙ ሥራ ሠርተናል፤ እኔ እቆፍርለታለሁ፣ እሱ ይገነባል። በዚያ ሰሞን ግን የምንሠራው የራሱን ቤት ነበር።

ባልቻ የወሊሶ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት ገና ጥርሱን አልነቀለም ነበር። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ አበራሽ ናት፤ ገበያ ላይ ጎመንና ድንች እየሸጠች አስተማረችው፣ ከፍ ሲል ደግሞ አዲስ አበባ ወስዳ ግንበኛ ዘመዳቸው ጋ አስጠጋችው። ሙያውን እዚያ ለመደ። ወደዚህ አገር የመጣው በሚስቱ ስፖንሰርነት ነው። ሚስቱ ኤልፍነሽ ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ከጀርም የምታጸዳ ናት፤ ሥራዋ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ እሷም በነገር ሁሉ ጠንቃቃ ናት። ልጃቸው ፌበን እዚሁ ነው ያደገችው። ኢንሹራንስ ቢሮ ትሠራለች፤ ፓርክዴል ከጓደኛዋ ጋር አፓርትመንት ተከራይታለች።

እነባልቻ ለብዙ ዓመታት ሴንት ጄምስ ታውን ውስጥ፣ ሊፍቱ አንድ ቀን ሠርቶ ሁለት ቀን በሚቆምበት ሕንፃ ኖረዋል። በመጨረሻ የሁለቱ ደሞዝ ላይ የፌበን የባንክ ዋስትና ፊርማ ተጨምሮበት ስካርቦሮ ውስጥ አንድ አሮጌ የጡብ ቤት ገዙ። ቤቱ ትንሽ ነው፣ ጣሪያውም ያፈስ ነበር፤ ጓሮው ግን ሰፊ ነው። ባልቻ ቁልፉን የተቀበለ ዕለት ሳሎኑን እንኳ ሳያይ በቀጥታ ወደ ቤዝመንቱ፣ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። አበራሽ ቪዛ አግኝታ በኅዳር ልትመጣ ነበርና። ጉልበቷ ደረጃ አይወጣም፣ አይወርድም። ስለዚህ ከጓሮው ያለ ደረጃ፣ ቀስ እያለ ተዳፍቶ እስከ ቤዝመንቱ የሚያደርስ የራሷ መግቢያ ሊሠራላት አሰበ። የግንባታ ፐርሚቱን አወጣ፤ እኔም የፈረንጆቹ መስከረም መጀመሪያ ላይ ማሽኔን ይዤ መጣሁ።

በጓሮው በር ሥር እንደ መርገጫ የተነጠፈ፣ ግማሹ መሬት የዋጠው ረጅም ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። ባልቻ ወዶታል፤ መግቢያው ሲያልቅ መልሼ አነጥፈዋለሁ ብሏል።

«ቀስ በል ሽፌ! እንዳትሰብርብኝ» እያለ ከጎኔ ቆሞ በእጁ ያሳየኛል።

ድንጋዩን በአንድ ጫፉ አነሳሁና ገልብጬ ሳሩ ላይ አስተኛሁት። ከሥሩ በጭቃ የተለበጠ ነጭ እብነ በረድ ወጣ። ባልቻ አጎንብሶ ጭቃውን በመዳፉ ጠረገ። ከዚያ እጁን እዚያው ላይ እንዳደረገ ቀረ። ማሽኑን አጠፋሁና ወረድኩ። ፊደል ነበረበት፤ ጥልቅ፣ ጥርት ያለ የእንግሊዝኛ ፊደል። ታችኛው ግማሽ በደረቀ ሸክላ አፈር ስለተሸፈነ አይታይም፤ የላዩ ግን ይነበባል። «ሄስተር አን ስፕሪግ። በሜሪላንድ የተወለደች። እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1847 ያረፈች።»

ኤልፍነሽ ምሳ ልትጠራን ብቅ ስትል ሁለታችንም ቆመን አየችን።

«ምን ይላል?»

መጥታ ራሷ አነበበችው።

«ባልቻ፣ ይሄ መቃብር ነው።»

«ድንጋይ ነው እንጂ።»

«የመቃብር ድንጋይ ነዋ! ድንጋዩ ካለ ሴትዮዋም አለች።»

ድንጋዩን ደፍቶ አፈር የሚመልስበት ሰው አይጠፋም። ባልቻ ግን እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ለፌበን ኮል አደረገ፣ ፌበን ደግሞ ለፖሊስ። ፖሊሶች መጡ፣ አስከሬን የሚመረምር ሰውም መጣ። የተቆፈረውን አዩ፤ አጥንት አልነበረም። ነገር ግን እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገኝ ባለሙያ መሬቱን ፈትሾ መቃብር አለ ወይም የለም እስኪል ድረስ አንድ አካፋ አፈር እንኳ አይነሳም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ድንጋዩም እንዳለ ይቆይ፣ አትጠቡት፣ አትፋቁት ተባልን። የባለሙያዋ ቀጠሮ የሚደርሰው ከሳምንታት በኋላ ነበር። ጓሮው በቢጫ ላስቲክ ታጠረ፤ ግማሽ የተቆፈረው ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ኤልፍነሽ ያን ዕለት ሻንጣዋን ያዘች።

«እሷ ከሥሬ ተኝታ እኔ ከላይ ሽንኩርት አልከትፍም» አለችው። «የሰው እናት ትሆናለች እኮ፤ ረግጠናት ስንገባ ስንወጣ ነው የከረምነው።»

«ኤልፊ፣ መንፈስ ምናምን ፈርተሽ ነው?»

«አልፈራሁም። አፍሬ ነው። ማን እንደሆነች፣ የት እንዳለች ይታወቅና እመለሳለሁ። ካልታወቀ ግን ቤቱን ሽጠው።»

ፓርክዴል ሄዳ የፌበን ሶፋ ላይ ተኛች። ባልቻ ብቻውን ቀረ። ያኔ ሥራ ላይ ስንገናኝ ያሳዝነኝ ነበር፤ ብሎኬት ሲደረድር ውሃ ልኩን አስቀምጦ የት እንዳደረገው ይረሳል። ጭንቀቱ ብዙ ነበር። መቃብሩ እዚያው ከሆነ መግቢያው ቀረ ማለት ነው። ሌሎችም መቃብሮች ካሉ ቤቱ ራሱ ምን እንደሚሆን አይታወቅም። አበራሽ ደግሞ በየሳምንቱ እየደወለች «በሩ ደረሰ ወይ?» ትለዋለች፤ «ደረሰ እትዬ፣ ትንሽ ነው የቀረው» ይላታል። ከዚያ በፊት ዋሽቷት አያውቅም ነበር።

ኤልፍነሽ ያለችው ከአእምሮው አልወጣም፤ ማን እንደሆነች ይታወቅ። ባለሙያዋን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ስላቃተው ራሱ ፍለጋ ጀመረ። ፌበን ኮምፒውተሯን ይዛ መጣችና አባትና ልጅ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። በ1847 የሞተች ሄስተር ስፕሪግ የሚል ነገር የትም የለም። በአሮጌ መካነ መቃብሮች ስም ዝርዝር ፈለገች፣ የለም። በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ በኩል ሞከረች፣ እዚያም የለም።

«አባዬ፣ ሪኮርድ የላትም» አለችው። «ኢት ሜክስ ሴንስ፣ ነገሩ ይገባል። ያኔ ከሜሪላንድ ወደዚህ የሚመጣ ብዙው ከባርነት ያመለጠ ጥቁር ነው። እዚያ ደግሞ ስማቸውን ማንም አይጽፍም ነበር።»

«እንዴት ስም አይጻፍም?»

«እንደ ከብት ነዋ የሚቆጥሯቸው። ቁጥርና ዕድሜ ብቻ።»

ባልቻ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተለውጦ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ሄስተርን ሥራ ያስቆመችበት ሴት አድርጎ ነበር የሚያስባት። ከዚያ በኋላ ግን «ሴትዮዋ» ማለቱን ትቶ በስሟ ይጠራት ጀመር።

የሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያናችን ቀረ። ከፌበን ጋር ሆነው መሐል ከተማ፣ ከአሜሪካ የመጡ ጥቁሮች ከረጅም ዘመን በፊት ወደመሠረቱት አንድ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ጸሎቱ ሲያልቅ በር ላይ ሰው ለሚቀበለው ሽማግሌ የድንጋዩን ፎቶ በስልኩ አሳየው። ሽማግሌው መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየና፣

«ስፕሪግ?» አለ። «እኛ ጋ አንዲት ስፕሪግ አለች። ሚስ ቨርና። ዛሬ አሟት ቀርታለች እንጂ ያቺ ወንበር የሷ ናት።»

ሚስ ቨርና ስፕሪግ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ አንገታቸው ቀጥ ያለ ሴት ናቸው። የሚኖሩት በአረጋውያን ሕንፃ ውስጥ ነው። በወጣትነታቸው ስልክ ቤት ውስጥ መሥመር አገናኝ፣ በኋላም እስከ ጡረታ ድረስ የስልክ ቁጥር ለሚጠይቅ ሰው የሚመልሱ ሠራተኛ ነበሩ። ሽማግሌው አድራሻ ሰጥቷቸው ባልቻና ፌበን ያኑ ዕለት ሲገቡ በጥርጣሬ ነው ያዩዋቸው፤ ስለ ዘር ሐረግ እናውቃለን እያለ የሚደውልላቸው ሰው ብዙ ነበር።

ፎቶውን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ስሙስ የሷ ነው» አሉ። «ሄስተር አን። የአያቴ አያት ናት። ከሜሪላንድ ነው ያመለጠችው፤ የሰው ልብስ እያጠበች እዚህ ከተማ ልጅ አሳደገች።» ከዚያ ስልኩን መለሱለት። «ግን ይህቺ እሷ አይደለችም።»

«ለምን?» አለ ባልቻ።

«ዓመቱን እየው። 1847 ይላል። የኔ ሄስተር የሞተችው በ1874 ነው። የአያቴ አባት ሳሙኤል የተወለደው በ1853 ነው። የሞተች ሴት ልጅ አትወልድም፣ ልጄ።»

ባልቻ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ተስፋው የዚያኑ ያህል ከፍ ብሎ ስለነበር አወዳደቁም ከበደው። ተነሥተው እንዳይሄዱ ሴትዮዋ ሻይ አቀረቡላቸው፤ ስሙንም ጠየቁት።

«ባልቻ ደበላ።»

«ደበላ የቤተሰብ ስምህ ነው?»

«አይ፣ የአባቴ ስም ነው። እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የለም። እኔ ባልቻ፣ አባቴ ደበላ፣ የሱ አባት ጉተማ፣ የጉተማ አባት ዋቆ...» ብሎ ወደ ላይ እየቆጠረ ሄደ። ከአበራሽ በልጅነቱ የተማረው ነው፤ እንደ ዜማ ነው የሚወጣለት።

ሚስ ቨርና ስኒያቸውን እንደያዙ አዳመጡት።

«ሁሉንም ታውቃለህ» አሉ።

«ሁሉም ሰው ያውቃል፤ እኛ አገር።»

«እኔ ሄስተር ጋ ነው የምቆመው» አሉ። «ከሷ ወዲያ ግድግዳ ነው። ስለ እናትና አባቷ አንድም ቃል የነገረችው ሰው የለም። አባቴ ‹ሕፃን ሆና ተሽጣ ነው፤ አታውቃቸውም› ይል ነበር። እኔም ዕድሜዬን ሁሉ እንደዚያ ነው የማስባት፤ እናቷን ሳታውቅ ያደገች ልጅ።»

ባልቻም አባቱን በመልኩ አያስታውሰውም፤ ስሙን ግን ከነአያቶቹ ይዞታል። ይህን ልናገር ብሎ እንግሊዝኛው አልደርስልህ አለው። ስልክ ቁጥሩን ትቶላቸው ተሰናብተው ወጡ። መኪና ውስጥ ፌበን «ሶሪ አባዬ» ስትለው «ለሳቸው ነው የማዝነው» አላት።

በማግስቱ ባልቻና እኔ የሌላ ሰው አጥር እየሠራን ነበር። ስልኩ ጮኸ፤ እጁ ስሚንቶ ስለነበር እኔ ስፒከር ላይ አደረግሁለት።

«የድንጋዩ ሰውዬ ነህ?» አለ የአሮጊት ድምፅ።

«ነኝ፤ ሚስ ቨርና።»

«ወረቀት አለህ? የለህም? እንግዲያው በአእምሮህ ጻፈው። አሥራ ስምንት አርባ ሰባት። ከሥሩ አሥራ ስምንት ሰባ አራት። አየኸው?»

ባልቻ እኔን አየኝ። እኔ በጣቴ አሸዋው ላይ ጻፍኩት።

«አራቱና ሰባቱ ቦታ ተለዋውጠው ነው!» አሉ ሴትዮዋ። እየጮኹ ነበር። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ቁጥር ሲያዛባ ስሰማ ነው የኖርኩት፤ ትናንት ፊቴ ተቀምጦ አላየሁትም። ልብስ ሳጣጥፍ ነው የመጣልኝ። የሞተችበትን ወርና ቀን አባቴ ያውቅ ነበር፤ መጋቢት ዘጠኝ ነው። ዓመቱን ድንጋይ ጠራቢው ተሳስቶ ነው! የተበላሸ ድንጋይ ነው፤ ገባህ? ተበላሽቶ ተጥሎ ነው።»

«ስለዚህ...» አለ ባልቻ።

«ስለዚህ አንተ ጓሮ ውስጥ የለችም። የት እንዳለች እኔ አውቃለሁ። መኪና ካለህ ና ውሰደኝ።»

ባልቻ አካፋው ላይ ተደግፎ ቁጭ አለ። ቆይቶ ሳቀ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም፤ ሳቁና ትንፋሹ አብሮ ነው የወጣው።

የሄስተር መቃብር ዶን ሸለቆ አፋፍ ላይ ባለው አሮጌ መካነ መቃብር ነው። ባልቻና ሚስቱ ሴንት ጄምስ ታውን ሲኖሩ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ባሉት ዛፎች ሥር በእግራቸው ይዞሩ ነበር። ሚስ ቨርና ከዘራቸውን ይዘው ሳይደናገሩ መሩን። ኤልፍነሽም ከሥራ በቀጥታ መጥታ ተቀላቀለችን፤ በዓይኔ ሳላይ አላምንም ብላ ነበር።

ድንጋዩ እንደኛው ድንጋይ ያለ ነጭ እብነ በረድ ነው፤ ዝናብና በረዶ ግን እንደ ሳሙና አሟሙቶታል። ከስሟ የቀሩት የመጀመሪያዎቹ ፊደላት ብቻ ናቸው። ዓመቱን በዓይን ማየት አይቻልም፤ ሚስ ቨርና የኤልፍነሽን ጣት ይዘው በላዩ ላይ አስኬዱት።

«አንድ... ስምንት... ሰባት... አራት» አለች ኤልፍነሽ ቀስ ብላ። ከዚያ ዘወር ብላ መሐረቧን ፈለገች።

«ሌላው ጽሑፍ ምን ነበር?» አለ ባልቻ።

«እኔ ልጅ ሆኜም እንዲህ ነበር። አባቴም አላነበበውም።»

የባለሙያዋ ቀን ሲደርስ ሁላችንም ጓሮው ውስጥ ነበርን። ባለሙያዋ ዝምተኛ ወጣት ናት። ሚስ ቨርና የነገሯትን በጥሞና ሰማች፤ ያም ሆኖ የራሷን ሥራ ትሠራለች። እኔ በማሽኑ የላዩን አፈር በስሱ፣ በስሱ እያነሳሁ፣ እሷ በመኮትኮቻ እየተከተለች ጠዋቱን ሙሉ አሳለፍን። ኤልፍነሽ ወደ ጓሮው አልገባችም፤ አጥሩ በር ላይ ሻል ለብሳ ቆማለች።

ባለሙያዋ ጉድጓዱ ውስጥ ተንበርክካ አፈሩን እየፈረፈረች ቆየች። ከዚያ ቀና አለች።

«ከድንጋዩ ሥር ያለው አፈር ተቆፍሮ አያውቅም» አለች። «በግራም በቀኝም እንደዚያው ነው። መቃብር የለም።»

ባልቻ ወደ አጥሩ ዞረ። «ኤልፊ፣ ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ድንግል አፈር ነው አለች። ማንም የለም!»

ኤልፍነሽ በሩን ከፍታ ገባች። ወደ ቤት ዘልቃ ወንበር ይዛ ወጣችና ለሚስ ቨርና አስቀመጠችላቸው። ቤቷን የተረከበችው ያኔ ነው ብል አላጋነንኩም።

አሁን ድንጋዩን ማጠብ ተፈቀደ። ባለሙያዋ ለስላሳ ብሩሽና ውሃ ብቻ አለች። ባልቻ ተንበርክኮ ታችኛውን ግማሽ ያጥብ ጀመር። ሸክላው እየራሰ ይለቃል፤ ከሥሩ ያለው እብነ በረድ እንደ ትናንት ሥራ አዲስ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ፊቱን ወደ መሬት ደፍቶ ስለተኛ ዝናብ አልነካውም። መጀመሪያ አንድ መሥመር ወጣ። ባልቻ አነበበው፣ ብሩሹንም አቆመ።

«ሚስ ቨርና» አለ። «እርስዎ ያንብቡት።»

ፌበን ደግፋ አስነሣቻቸው። ጎንበስ ብለው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

«የሌቪንና የሬቸል ልጅ። ካምብሪጅ፣ ሜሪላንድ።»

ደግመው አነበቡት። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው፣ «ታውቃቸው ነበር» አሉ። «እናትና አባቷን ታውቃቸው ነበር። ለልጇ ነግራዋለች፣ ልጇም አስቀርጾታል። አባቴ ተሳስቷል። ያቺ ልጅ እናቷን ታውቃለች።»

የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሱም። ወንበሩ ላይ ተመለሱና ትከሻቸው ወረደ፤ ለዓመታት የተሸከሙትን ዕቃ መሬት ያስቀመጡ ይመስሉ ነበር።

«ባልቻ» አሉ፣ «አሁን እኔም ልቁጠር። እኔ ቨርና፣ አባቴ ጄምስ፣ የሱ አባት ኤድዋርድ፣ የሱ አባት ሳሙኤል፣ የሱ እናት ሄስተር፣ የሷ አባት ሌቪን፣ እናቷም ሬቸል።»

«እንደዚያ ነው» አለ ባልቻ። «ልክ እንደዚያ ነው የሚባለው።»

የተበላሸ ድንጋይ እንዴት ከጠራቢው ቤት ተነሥቶ ስካርቦሮ ድረስ መጥቶ መርገጫ እንደሆነ እስከዛሬ የሚያውቅ የለም። ባለሙያዋ በዚያ ዘመን የተበላሸ የመቃብር ድንጋይ በርካሽ ለደረጃና ለመተላለፊያ ይሸጥ እንደነበር ነግራናለች፤ ከዚያ ያለፈውን እኔም አልጠየቅሁም።

ፈቃዱ ሲመጣ በረዶ ሊጥል አንድ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው። ዝናብ ላይ ሠራን፣ ፌበንም ቅዳሜ ቅዳሜ ቦቲ ጫማ አድርጋ አሸዋ ታቀብለን ነበር። ኮንክሪቱ እንዳይቀዘቅዝ በብርድ ልብስ ሸፈንነው። አበራሽ በመጣች ዕለት ከኤርፖርት በቀጥታ ወደ ጓሮው አስገባናት። ያንን ተዳፋት የባልቻን ክንድ ይዛ ወረደች፤ መሐል ላይ ቆመችና፣

«አንተ፣ ይኼ ነው ትንሽ ቀረ ስትለኝ የነበረው?» አለችው።

«ትንሽ እንቅፋት ገጥሞን ነበር እትዬ። ቁጭ ይበሉና እነግርዎታለሁ።»

ሲነግራት ኤልፍነሽ ጣልቃ እየገባች ታርመው ነበር፤ ሻንጣዋን ይዛ የወጣችበትን ክፍል ግን ሳታርም አለፈችው። አበራሽ ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። «ሴትዮዋስ? ዘመዶቿን አገኘች?»

ሚስ ቨርና ገና አላገኙም ነበር። ድንጋዩ መሐል ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያናቸው መግቢያ ኮሪደር ላይ ቆሞ ነበር፤ የቆመበትን መደብ ባልቻ ነው የገነባው። ፌበን ደግሞ ከሚስ ቨርና ጋር ተቀምጣ ሁለቱን ስሞች ይዛ ካምብሪጅ ውስጥ ላሉ ቤተ ክርስቲያኖች መጻፍና መደወል ጀምራለች። የበረዶው ወቅት አጋማሽ ላይ ከዚያ አንዲት ሴት መልሳ ደወለች። በሷ ቤተሰብ ውስጥ በየትውልዱ አንድ ወንድ ልጅ ሌቪን ይባላል፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ አሮጌ ልማድ ነው ብለው ትተውታል። የሬቸል ስም ደግሞ በአያቷ ቤት፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ከተጻፉት የቤተሰቡ ስሞች ጋር ሲጠራ ሰምታለች። እርግጠኛ መሆን አይቻልም አለች፤ ሚስ ቨርናም እርግጠኛ አይደለሁም ይላሉ። ግን በረዶው ሲያልፍ ሄዱ። ፌበን ነዳች።

ሲመለሱ ባልቻ ቤት ራት ተጠርተን ነበር። ሚስ ቨርና ከአበራሽ ጎን ተቀምጠው በፌበን አስተርጓሚነት ጉዞውን ሲያወሩ አመሹ። ቤቱን፣ ወንዙን፣ የሰዉን ብዛት። የአክስት ልጅ ነን ብለው የተቀበሏቸው ሰዎች ግቢ ውስጥ አንድ ትንሽ ሌቪን ብስክሌት ይነዳ ነበር አሉ፤ ጠርተው ሲያስተዋውቁት እጃቸውን ጨብጦ ወዲያው ወደ ብስክሌቱ ሮጠ።

«ፊቱ የማንን ይመስላል?» ብላ አበራሽ ጠየቀች።

ፌበን ለሚስ ቨርና ተረጎመችላቸው።

«የማንንም» አሉና ሳቁ። «እኔ ግን አይቼው አልጠገብኩም።»

ኤልፍነሽ ከወጥ ቤት ሌላ ሳህን ይዛ መጣችና «ይጨመርልዎት» አለቻቸው በአማርኛ፤ እሳቸውም ገብቷቸው ሳህናቸውን ዘረጉ።